በስሜ የገቡ እንግዶች

እኔ ሳፍር መጀመሪያ የሚሞቀኝ ጆሮዬ ነው። ያን ረቡዕ ረፋድ፣ አምቦ በሚገኘው የዜና ክፍላችን ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ቆሎ መቁላት ይቻል ነበር። አጋንኜ ከሆነ ይቅርታ፤ ማጋነን ልማዴ አይደለም። ልማዴ መጠየቅ ነው። ጎርፍ መጣ ሲሉኝ ጥልቀቱን በሰው ጉልበት ሳይሆን በሜትር ንገሩኝ እላለሁ። «ብዙ ሕዝብ ተገኝቷል» ሲሉኝ «ስንት?» እላለሁ። አንድን ነገር ከሦስት ሰው ሳልሰማ አልጽፍም። ባልደረቦቼ «ጋሼ እናቱ ብትጠራው እንኳ ሌላ ምንጭ ይፈልጋል» እያሉ ያሙኛል። ሐሜቱን አልጠላውም ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ እኔው ራሴ አስታውሳቸው ነበር።

የውርደቴ መነሻ ሰርቨር ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። በሬዲዮ ጣቢያችን እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። አንጎሉ የሚኖረው ኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሌት ተቀን በሚያጓራ አንድ ማሽን ውስጥ ነው። ዜና ስንጽፍ፣ ድምፅ ስንቆርጥ፣ ደብዳቤ ስናትም ሁላችንም ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ሰጥተን ወደዚያ ማሽን እንገባለን። ባኮና ጎጆ ከተሞች ያሉት ዘጋቢዎቻችንም በኢንተርኔት የሚገቡት እዚያው ነው። ጠባቂዋ ለሊሴ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ማሽኑን የምታናግረው በፍቅር ነው፣ እኛን ግን እንደ ምንቸገረኝ።

«ይኼ እኮ ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር አይደለም» ትለናለች። «ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ነው። አንድ ጀርባ ነው ሁላችሁንም አዝሎ የሚሄደው። አንዳችሁ ከተንጋለለበት ሌላው ይወድቃል።»

እንግዲህ በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ተንጋሎበት ነበር። አንድ ፊደል ስንጫን ፊደሉ ከባኮ በጭነት መኪና እየመጣ ያለ ይመስል እንጠብቃለን። የአንድን ሹም ንግግር ስንቆርጥ «ጤና ይስጥ» ይልና ይቆማል፤ «ልኝ» የምትለዋ ከየት እንደምትመጣ ማንም አያውቅም። በጎጆ በረዶ ገብስ መታ የሚለው ዜናዬ ለቀትሩ ስርጭት ሳይደርስ ቀረ። ማታ ሲተላለፍ ገበሬዎቹ ደውለው «ዛሬም ሌላ በረዶ መታን እንዴ?» ብለው ጠየቁን።

በዚህ ጊዜ ነው እኔ፣ ሦስት ምንጭ የምፈልገው ሰው፣ በአንድ ዓይን የረካሁት። ያውም መነጽር በሚያስፈልገው ዓይን።

ቶሎሳ የስፖርት ዘጋቢያችን ነው። ጀልዱ ውስጥ የነበረውን የመምህርነት ሥራ ትቶ ነው ወደ እኛ የመጣው። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ የሙከራ ጊዜውም ሊያልቅ ቀርቦታል። ግምገማው ጥሩ ከሆነ ቋሚ ይሆናል። ካልሆነ የተወው ክፍል ሌላ መምህር ገብቶበታልና ወደኋላ የሚመለስበት በር የለውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አውቃለሁ። ግን በስክሪኑ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የማየው ኳስ ነው። «ሥራችንን የሚያዘገየው ይኼ ኳስ ነው» አልኩ ለራሴ። የስፖርት ዘጋቢ ስክሪን ላይ ኳስ ምን ይሠራል ብዬ መጠርጠሬ አሁን ሳስበው ለራሴም ይገርመኛል። የጤና ዘጋቢ ሐኪም ቤት ተገኘ ብዬም ልከስ እችል ነበር ማለት ነው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

«ሰርቨሩን የሚበላው ሰው አይታወቅም አይባልም» አልኩ።

ዋና አዘጋጃችን ኦቦ ፈይሳ ቀና አሉ። «ማነው?»

«ስም አልጠራም። ብቻ ኳስ ይወዳል።»

ሁሉም ወደ ቶሎሳ ዞረ። ቶሎሳ የያዘው እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምከፍተው የውጤት ገጽ ብቻ ነው።»

«እኔ ማንንም አልጠቀስኩም» አልኩ፣ ክቡር ሰው መስዬ።

ለሊሴ ከጥግ እጇን አወጣች። «እንዲያውም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ልናገር ፈልጌ…»

«ቆይ እህቴ፣ በስሜት ሳይሆን በመረጃ እንነጋገር» ብዬ አቋረጥኳት። ከዚያ የመፍትሔ ሐሳቤን አቀረብኩ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ በላይ እንዳይገባ ገደብ ይጣልበት። የማሽኑን ሜሞሪም ከተመደበለት በላይ እንዳይወስድ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለሌላ ሰው የሰጠ ደግሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። «ከዚያ ቁጭ ብለን ማዳመጥ ነው» አልኩ። «ገደቡ በተጣለ ዕለት መጀመሪያ የሚጮኸው ሰው፣ ሲበላን የኖረው እሱ ነው።»

ተጨበጨበልኝ። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው አጨበጨቡ።

ለሊሴ ግን አላጨበጨበችም። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት? ገደብ ሰው አይመርጥም።»

«ከእኔ ጀምሪ!» አልኳት።

ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ያኔ በአክብሮት ተርጉሜው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ። እኔ ያረቀቅሁት፣ በኦቦ ፈይሳ ፊርማ የወጣ። አንብቤው፣ አንድ ቦታ ላይ የጎደለች ነጥብ በእስክሪብቶ ጨምሬ፣ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ስሜን ጻፍኩ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ፍሬ ነገሩ በዚህ ስም የገባው ሰው ስለበዛ አይቻልም የሚል ነው።

እንደገና ጻፍኩ፣ አሁን ቁልፎቹን ጠበቅ አድርጌ እየተጫንኩ። ማሽን ቆፍጠን ያለ ሰው ሲመጣ ይለይ እንደሆነ ብዬ። እንደገና አይቻልም አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲከለክለኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ቶሎሳ! በስሜ ገብተህ ነው?»

የጮኽኩት ለካ በጣም ነው። ቶሎሳ ጆሮው ላይ የነበረውን ማዳመጫ አወረደ። ኦቦ ፈይሳ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ማነው የጮኸው?»

ሁሉም ወደ እኔ ብቻ አየ። ጆሮዬ መሞቅ የጀመረው ያኔ ነው።

ለሊሴ መጣችና በራሷ ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ነካካች። «ጋሼ፣ እርስዎ አሁን ባኮ ነዎት» አለች።

«አምቦ ነኝ! አታዪኝም?»

«እኔማ አይዎታለሁ። ሰርቨሩ ነው የማያይዎት። ባኮ ነዎት፤ ጎጆም ነዎት። ከዛሬ በፊት እንዲያውም ብቻዎን አንድ አውቶቡስ ይሞሉ ነበር። ሰኞ ልነግርዎት ስል በመረጃ እንነጋገር አሉኝ።»

አሁን ስለ ራሴ ሁለት ነገር መግለጽ ግድ ይሆናል።

አንደኛው፣ እኔ ይሉኝታ የሚገድለኝ ሰው ነኝ። አዲስ ዘጋቢ ሲቀጠር በራሱ ስም መግቢያ እስኪፈቀድለት ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይቆያል። ሰውየው ዜና ይዞ ደጅ ቆሟል። ምን ይባላል? «በእኔ ግባ» ይባላል። እዚህ አገር ደጅ ለቆመ ሰው ሌላ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ እያልኩ ባኮ ያለውን አስገባሁ፤ ጎጆ ያለውን አስገባሁ። የራሳቸው መግቢያ ከተፈቀደላቸው በኋላስ? አንዴ የገባን እንግዳ «አሁን ውጣልኝ» ማለት ይቻላል? ወንጪ ላይ ጎብኚዎችን በፈረስ የሚያዞር ረጋሳ የሚባል ሰው አለ፤ የጣቢያችን ሠራተኛም አይደለም። አንድ ቀን ለማኅበራቸው ማስታወቂያ መጻፊያ ቸገረኝ አለኝ። ፈረሱ ላይ በነጻ አስቀምጦኝ ነበር። እንዴት እምቢ ልበለው?

ሁለተኛው፣ እኔ ሥራዬን ስጨርስ የስክሪኑን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋና ኮቴን ለብሼ እሄዳለሁ። ስክሪኑ ከጠፋ ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጠፋው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ እኔ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ዋና አዘጋጁ ቢሮ ሄጄ ስሠራ አንድ እኔ እዚያ እቀራለሁ፤ ስቱዲዮ ስሠራ ሌላ እኔ እዚያ። እያንዳንዱ እኔ ደግሞ የድምፅ መቁረጫውን እንደከፈተ፣ ከማሽኑ ጉልበት ድርሻውን እየወሰደ ነው የሚያድረው። በመላ ምዕራብ ሸዋ ተበትኜ ሜሞሪ ስበላ ኖሬ፣ ኳስ አየህ ብዬ ሰው ከሰስኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለሊሴ ሳቀች፣ ኦቦ ፈይሳ ሳቁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች። ቶሎሳ ብቻ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ቀስ ብሎ መጣና «ጋሼ፣ የግምገማዬ ወረቀትስ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው። ኦቦ ፈይሳን አየኋቸው። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ትናንት ሞልቼ ወደ ሰው ሀብት ልኬዋለሁ» አሉ። «የቢሮ ንብረት አጠቃቀም፣ ደካማ ብዬ። ምን ላድርግ ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አንተ ተናገርክ! አንተ ደግሞ ሳታጣራ አትናገርም።»

ይህን ሲሉኝ ስድብ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ሙገሳ ነበር።

«አሁን አንሡታ!»

«ወረቀቱ ከምሳ በፊት ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው መኪና ይወጣል። በወረቀት የሄደ ደግሞ የሚመለሰው በወረቀት ነው። የእርማት ማስታወሻ ጻፍ። በቢሮው ፎርማት፣ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ታትሞ። በእጅ የተጻፈ ወይዘሮ አስቴር አትቀበልም፤ ታውቃታለህ።»

አውቃቸዋለሁ። የሰው ሀብት ኃላፊያችን ወይዘሮ አስቴር በእጅ የተጻፈ ነገር የሚቀበሉት የሠርግ ጥሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ማኅተም የት አለ ይላሉ።

እርማት መጻፍ አይከብደኝም፤ ሥራዬ ነው። ግን ለመጻፍ መግባት አለብኝ። ለመግባት ደግሞ ከእኔ እኔን ማስወጣት አለብኝ።

ለሊሴ በስሜ ለገቡት ሁሉ ስክሪናቸው ላይ መልእክት ላከች፦ ሥራዎን አስቀምጠው ይውጡ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ባኮ ያለው ዘጋቢያችን ኦቦ ጎንፋ ነው።

«አካም ቡልተን ጋሼ? ነጋዳ?»

«ነጋዳ፣ ኦቦ ጎንፋ፣ እንደው ባክህ…»

«ዋሪ ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?»

ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱስ ደህና ነው ወይ ነው የሚለኝ። ከብት የለኝም። የሰው ኑሮ ሊበላሽ ሰዓቱ እየሮጠ ከብቴ ደህና ነው አልኩ። በቅደም ተከተል ካልሆነ ሰላምታ አይዘለልም።

«ስክሪኑ ውጣ ውጣ ይለኛል እኮ ጋሼ» አለ ሲጨርስ። «ማን የሚሉት ባለጌ ነው እንዲህ የሚጽፈው? የበቆሎ ተባዩን ዜና ግማሽ ቆርጫለሁ። ቢቋረጥብኝ ከአንድ ጀምሬ ነው የምሠራው። ልውጣ እንዴ?»

እዚህ ላይ «አዎ ውጣ» ማለት ነበረብኝ። አንባቢ ሆይ፣ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ኧረ ምን ሲደረግ! ጨርስ እንጂ!» የሚል ነበር።

ቶሎሳ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። ፊቱን አላየሁም፤ ጫማውን ነው ያየሁት።

ወደ ጎጆ ደወልኩ። እዚያ ያለው መምህር ሙልአታ በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚዘግብልን። «ጋሼ፣ እኔ የለሁም፤ መብራት ከሄደ ቆየ» አለኝ። «በጨለማ ድንች እየላጥኩ ነው።»

ለሊሴ ይህን ሰምታ ተደሰተች። «በቃ፣ ባዶ ወንበር ነው። ሰውየው ሳይሰናበት ስለተቋረጠ ሰርቨሩ አሁንም አለ ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ እዘጋዋለሁ፤ እርስዎ ወዲያው ይግቡ። ዝግጁ?»

ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋሁ። ስሜን ጻፍኩ። ለሊሴ «አሁን!» አለች። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፤ አንድ ፊደል ተሳሳትኩ፤ ደገምኩ። በዚህ ስም የገባው ሰው በዝቷል አለኝ።

ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ! ረጋሳ ነኝ ከወንጪ! ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ሲለኝ ነበር፤ ደጋግሜ ደጋግሜ አሁን ገባሁ! ተባረክ!»

ባጃጅ ላይ አንድ ቦታ ሲለቀቅ ከኋላ ተስፈንጥሮ እንደሚቀመጥ ሰው ቀደመኝ ማለት ነው።

«ጎበዝ» አልኩት። ምን ልበል? የደስታው ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። ከጀርባው ፈረስ ያናፋል።

ለሊሴ ላፕቶፗን ልትመታኝ የፈለገች መሰለች። «እሱ ደግሞ ማነው?»

«ወዳጅ ነው።»

«የየትኛው ክፍል ሠራተኛ?»

«የፈረስ» አልኩ።

የይለፍ ቃሌን እንድትቀይርልኝ ልለምናት ስል መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ለሊሴ «ማሽኔ!» ብላ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠች። መኪናው ግቢ ውስጥ ሞተሩን ማሞቅ ጀምሯል። እኔ በምዕራብ ሸዋ ሁሉ ገብቼ በራሴ ጠረጴዛ ፊት ደጅ ቆሜያለሁ።

ያኔ ቶሎሳ ወንበሩን ወደኋላ ሳበና ብድግ አለ። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ጥቂት ተርመሰመሱ።

«ጋሼ፣ በእኔ ይግቡ» አለኝ።

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ሽሙጥ ፈልጌ ነበር። ትንሽ እንኳ ቢኖር ቀለል ይለኝ ነበር። አልነበረም። ደጅ የቆመ ሰው አይቶ ነው ያስገባኝ።

ተቀምጬ ጻፍኩ። «ሰኞ ዕለት ስለ ባልደረባዬ የተናገርኩት ስሕተት ነው። ሰርቨሩን ያጨናነቅሁት እኔ ነኝ። ባልደረባዬ ከሥራው ውጭ የከፈተው ነገር የለም።» አጭርና ግልጽ። አትሜ ፈረምኩበት። ኦቦ ፈይሳም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙበት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወይዘሮ አስቴር ጋ ደረስኩ።

ወይዘሮ አስቴር መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ ጀምረው አነበቡ። ከታች ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እዚህ ሌላ ነው የሚለው።»

ወረቀቱን አዞሩልኝ። ማሽኑ በሚያትመው ሁሉ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የገባውን ሰው ስም ይጽፋል። አዘጋጅ፦ ቶሎሳ ይላል።

«ልጁ ንጹሕ ነኝ የሚል ማስታወሻ ለራሱ ጽፎ አንተን አስፈረመ?»

«ኧረ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ በእሱ ገብቼ ነው…»

«በእሱ ገብተህ?» መሳቢያቸውን ከፍተው ጠዋት በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቅጂ አወጡ። «ስሙንና የይለፍ ቃሉን ለሌላ ሰው የሰጠ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ያንተ አማርኛ ነው አይደል፣ የኔ ጌታ? በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ማስጠንቀቂያ ካለበት ቋሚ አይሆንም። ይህንን ታውቃለህ።»

ሰኞ በሐሰት ከስሼው ነበር። ረቡዕ ሐሰቱን ላነሣለት መጥቼ እውነተኛ ጥፋት አስገኘሁለት። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አስከፍቻለሁ፤ እንዲህ በተሟላ መንገድ ግን ማንንም ጎድቼ አላውቅም። ከመስኮቱ ውጭ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

«አልሰጠኝም» አልኩ።

«እ?»

«ቶሎሳ አልሰጠኝም። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ሲጽፍ ከኋላው ቆሜ የይለፍ ቃሉን አየሁበት።» አንዴ ከተጀመረ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣል። ውሸትም ቢሆን ማን፣ መቼና የት ካልተሟላ ከአፌ አይወጣም። «ረፋድ ላይ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ። እሱ ቆልፎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። እኔ ሳያውቅ ገባሁ።»

ወይዘሮ አስቴር መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቶሎሳ ሻይ አይጠጣም» አሉ። «ቃር ያመጣበታል። እዚህ ቤት በሻይ ሰዓት ብቻውን ቢሮ የሚቀር እሱ ነው።»

«ዛሬ ጀምሯል» አልኩ።

ጡሩንባው እንደገና ተነፋ። ወይዘሮ አስቴር ብዙ ዓመት ሰው ሲዋሽ ያዩ ሴት ናቸው፤ ማን በደንብ እንደሚዋሽና ማን እንደማይችልበት ያውቃሉ። እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ ከፊታቸው አነበብኩት። እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«ቃልህን እዚህ ጻፍ። በእጅህ።»

«በእጅ?»

«ኮምፒውተር አጠገብ እንድትደርስ የምፈቅድልህ ይመስልሃል?»

ጻፍኩ። ከኋላ ቆሜ አየሁ፣ ሳያውቅ ገባሁ፣ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር፣ ፊርማ። ወይዘሮ አስቴር በመስኮቱ ብቅ ብለው ሾፌሩን «ቆይ!» ብለው ጮኹበት፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘጋጅቶ ከነበረው የአዲስ አበባ ፖስታ የቶሎሳን ግምገማ አወጡ፤ ለኦቦ ፈይሳ ደውለው «ና ይህን እንደገና ሙላ፤ አሁን ግን እያየህ» አሏቸው። መኪናው ሲወጣ ፖስታው ውስጥ ጥሩ የሚል ግምገማ ነበረ። የእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ወደ ማኅደሬ ገባ። ማኅደሬ ውስጥ ከዚያ በፊት የነበረው ለትክክለኛ ዘገባ የተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስወርድ ቶሎሳ ደረጃው ሥር ቆሟል።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«አልፏል። ቋሚ ትሆናለህ።»

ግድግዳውን ተደገፈ። «እርስዎስ?» አለ።

«እኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የይለፍ ቃልህን ሰርቄ፣ ሻይ ልትጠጣ በወጣህበት ስለገባሁ።»

«ሻይ?» አለ። «እኔ እኮ ሻይ…»

«ዝም በል። ና።»

ክንዱን ይዤ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለችው ሻይ ቤት አስገባሁት። ኮርቻ እንደማያውቅ ፈረስ አንገቱን እያጠማዘዘ ነው የገባው። ከሰው ሀብት ቢሮ መስኮት በደንብ የሚታየውን ወንበር መረጥኩለት። ሻይ አዘዝኩ። ቀና ብል ወይዘሮ አስቴር መስኮቱ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው።

«ጋሼ፣ የምር ያቃጥለኛል እኮ» አለ ቶሎሳ ብርጭቆውን እያየ።

«ዘገባው ቀድሞ ወጥቷል» አልኩት። «ድርጊቱ ዘግይቶም ቢሆን መፈጸም አለበት።»

አንዴ ፉት አለ። ፊቱ ተጨማደደ። ሁለተኛ ፉት አለና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ላይ ደርሷል።

«ይበቃል?»

«ጨርሰው» አልኩት። «ግማሽ እውነት አልወድም።»